አጎበሩን ከጭዱ ላይ አንሡ

እናንተ የሸዋሮቢትና የቀወት፣ የአጣዬና የአንኮበር ቆላ ሰዎች፣ እናንተም ከደብረ ብርሃንና ከመንዝ ብርድ ውስጥ ሆናችሁ ነገሩ የሌላ ሰው ጉዳይ የሚመስላችሁ፤ ዛሬ ሳላለሳልስ ልናገራችሁ ነው።

ስለ ወባ አናውቅም ማለት አንችልም። እንግሊዛዊው ሐኪም ሮናልድ ሮስ ሕንድ ውስጥ የወባን ተሕዋስ በትንኝ ሆድ ውስጥ ያየው እንደ አውሮፓውያኑ አቆጣጠር በ1897 ነው። እኛ ግን ዛሬም «እሸት በልቼ ያዘኝ» እንላለን። ሳይንሱ የድርሻውን ሠርቶ ሲያበቃ የቀረው ሥራ በየቤታችን ደጃፍ ቆሞ ይጠብቀናል፤ እኛም በአጠገቡ እያለፍን ወደ ገበያ እንሄዳለን።

አጎበር ተሰጣችሁ። ነዶ አሰራችሁበት፣ የጭድ ክምር ሸፈናችሁበት፣ የችግኝ መደብ አጠራችሁበት። ልጆቹ ግን ባዶ አልጋ ላይ ያድራሉ። ቤታችሁ ኬሚካል ተረጨ። በዓል ደረሰ ብላችሁ ግድግዳውን በጭቃና በእበት ለቀለቃችሁት። ትንኟ ደም ጠጥታ ስትከብድ ግድግዳ ላይ ታርፋለች፤ መድኃኒቱም እዚያው ሆኖ ይጠብቃት ነበር። ከምርጊቱ ሥር ቀበራችሁላት። ከዚያ ደግሞ «ርጭቱ አይሠራም» የምትሉ እናንተው ናችሁ። ይህን ስሰማ ከትንኟ ይልቅ ንግግሩ ያሳክከኛል።

አሁን ደግሞ ሌላ እንግዳ መጥታለች። ስሟ አኖፊለስ ስቴፈንሲ ነው፤ አገሯ እስያ ነበር። በአፍሪካ ቀንድ መጀመሪያ የታወቀችው እንደ አውሮፓውያኑ በ2012 ጅቡቲ ላይ ሲሆን፣ በእኛ አገር በ2016 ቀብሪ ደሃር ላይ ተገኘች። ነባሯ የወባ ትንኝ ዝናብ ባቆረው፣ ፀሐይ በሚያገኘው ኩሬ፣ በከብት ኮቴ በተረገጠ ጭቃና በመስኖ ቦይ ዳር ትራባለች። ይህቺኛዋ ግን ሰው ያጠራቀመውን ውኃ ትወዳለች፤ በርሜሉን፣ ሮቶውን፣ የግንባታ ጉድጓዱን። ክረምት እስኪገባ አትጠብቅም፤ ከተማም አያስፈራትም። ድሬዳዋ እንደ አውሮፓውያኑ በ2019 ዓመቱን በሙሉ 205 የወባ ታማሚ ነበራት፤ በ2022 በመጀመሪያዎቹ አምስት ወራት ብቻ ከ2,400 በላይ ሆነ። የአርማወር ሐንሰን የምርምር ተቋሙ ዶክተር ፍጹም ግርማ ታደሰና ባልደረቦቻቸው የታማሚዎቹን መኖሪያና አካባቢውን ሲመረምሩ ያገኟት ትንኝ በብዛት ይህቺው ነበረች። ባቲ ከተማም ላይ ተገኝታለች። ከባቲ ወደ ኮምቦልቻ፣ ከኮምቦልቻ በአጣዬና በሸዋሮቢት አድርጎ ወደ አዲስ አበባ የሚወጣውን አስፋልት የማያውቅ አለ? በዚያ መንገድ ቀንና ሌሊት የሚመላለሰው መኪና ጭነቱን ብቻ ነው ይዞ የሚመጣው የሚል ካለ ይንገረኝ።

እንግዲህ የሸዋሮቢት ባለ ሆቴሎች፣ ባለ ጋራዦች፣ ቤት ሠሪዎች! ውኃ በፈረቃ እንደሚመጣና ማጠራቀም ግድ እንደሆነ አውቃለሁ፤ አታጠራቅሙ የሚላችሁ የለም። በርሜሉን ግጥም አድርጋችሁ ክደኑ ነው የምላችሁ። የማይከደነውን በየሳምንቱ ድፉ፣ ጎኑንም ፈግፍጉ፤ እንቁላሉ እጭ፣ እጩም የሚበር ትንኝ እስኪሆን አንድ ሳምንት ወይም ጥቂት ቀን ቢጨምር ነውና፣ በየሰባት ቀኑ የደፋ ሰው ይቀድማታል። አሮጌውን ጎማ ከግቢ አውጡ። ኅዳር 12 ቆሻሻ አቃጥለን ሰፈር ማጠናችን ደግ ነው፤ ልማዱ ከ1911 ዓ.ም. የኅዳር በሽታ የወረስነው ነው። ግን ጭሱ በርሜል ውስጥ የሚዋኘውን እጭ አይነካውም።

ደገኞች ሆይ፣ እናንተም አትሳቁ። በ1958፣ እንደ አውሮፓውያኑ፣ ወባ አገራችን ላይ በወረርሽኝ ስትነሣ ሦስት ሚሊዮን ሰው ታምሞ 150,000 ያህል ሞቷል ተብሎ ተገምቷል። የከፋው ጉዳት የደረሰው በሽታውን ባለመደው፣ ከ1,600 እስከ 2,150 ሜትር ከፍታ ባለው አገር ነበር። ይህ ማለት ከሸዋሮቢት ወደ ደብረ ሲና ሲወጣ መሐል ላይ እንዳሉት መንደሮች ያለ ስፍራ ነው። እንደ አውሮፓውያኑ በ2014 የታተመ ጥናት ደግሞ በደብረ ዘይት አካባቢና በኮሎምቢያ የተሰበሰበ የብዙ ዓመት መረጃ አመሳክሮ፣ ሙቀቱ በጨመረበት ዓመት በሽታው ሽቅብ እንደሚወጣ አሳይቷል። ደብረ ብርሃን ላይ ትራባለች አላልኩም። አቀበቱ አጥር አይደለም ነው ያልኩት።

ስለ ክኒኑም ልናገር። ኮአርተም የሚባለው የወባ ክኒን የሦስት ቀን መድኃኒት ነው። በሁለተኛው ቀን ላብ ሲመጣና ራስ ምታቱ ሲለቅ የተረፈውን ቋጥሮ ለጎረቤት ማበደር ደግነት የሚመስለው ብዙ ነው፤ ሁለቱም በግማሽ ታክመው ሁለቱም ታማሚ ይሆናሉ። ቫይቫክስ የተባለው የወባ ዓይነት ደግሞ ጉበት ውስጥ ተደብቆ ከወራት በኋላ ይነሣል፤ እሱን ለመንቀል የሚታዘዘው ፕሪማኩን 14 ቀን ይዋጣል። ሐኪሙ አሥራ አራት ካለ አሥራ አራት ነው።

ከሁሉም ይልቅ የምቆጣው በባለ እርሻዎቹ ነው። ማሾና ሽንኩርት ሲደርስ ከመንዝና ከጣርማበር የሚወርደው ወጣት ቀን ይሠራል፣ ማታ ዳስ ውስጥ ወይም ሜዳ ላይ ያድራል፤ ሰውነቱ ወባን አያውቃትም። ለውኃ ፓምፑ ነዳጅ የሚገዛ ሰው ለሠራተኛው አጎበር ሲባል እጁ ያጥራል። በዚህ መኸር ስትቀጥሩ ስለ ቀን ሒሳቡ ብቻ አትነጋገሩ፤ የት እንደሚያድርም ተነጋገሩ። ጭዱ ላይ የጣላችሁት አጎበር ካልተቀደደ አጥባችሁ ስጡት። ትኩሳት ከያዘው ደግሞ ደሙ ሳይመረመር ሒሳቡን ሰጥታችሁ አውቶቡስ ላይ አትስቀሉት፤ መጀመሪያ ጤና ኬላ አድርሱት።