አምስት ሲገዙ ሁለት ምርቃት

የገበያ ሰው ምርቃት ይወዳል። አንድ ኪሎ ሽንኩርት ያስመዘነ ደንበኛ ከላይ ሁለት ራስ ካልተጣለለት የተበደለ ይመስለዋል። ይህን የጉልት ጥበብ ወደ ቤተ መንግሥት ያስገባ ግን ከጎረቤታችን ከሶማሌላንድ በቀር አላውቅም። እዚያ ፕሬዚዳንቱ ከሕዝብ የአምስት ዓመት ሥልጣን ይሸምታል፤ ሁለት ዓመት ይመረቅለታል። የሚመርቁት ደግሞ ሽማግሌዎች ናቸው። ሽማግሌ ካልመረቀ ማን ይመርቃል?

የተጋነነ ከመሰላችሁ አብረን እንቁጠር፤ ዘመኑ በፈረንጆች ነው። ዳሂር ሪያሌ ካሂን በ2003 ተመርጠው በ2010 ወረዱ። አህመድ መሐመድ ሲላንዮ በ2010 ገብተው በ2017 ወጡ። ሙሴ ቢሂ አብዲ በታኅሣሥ 2017 ወንበሩን ተረክበው በታኅሣሥ 2024 አስረከቡ። ሰባት፣ ሰባት፣ ሰባት። ሕገ መንግሥቱ አምስት ይላል፤ ወረቀት ምን ያውቃል! እንዲህ ያለ ወጥነት ያላት አገር አልተረጋጋችም የሚል ካለ፣ መረጋጋት የሚባለውን ነገር በዓይኑ አይቶት አያውቅም።

ደግሞ ምርጫ አያውቁም እንዳትሉ። በ1991 ቡርኦ ላይ ከሶማሊያ መለየታቸውን ካወጁ ወዲህ፣ አብዛኛው ዓለም ዕውቅና ሳይሰጣቸው፣ ሲመርጡ አሳምረው ይመርጣሉ። በ2003 ከግማሽ ሚሊዮን ጥቂት ያነሰ ድምፅ ተቆጥሮ አሸናፊና ተሸናፊ በ80 ድምፅ ተለያዩ። ኋላ ፍርድ ቤት ልዩነቱን ከፍ ቢያደርገውም ሦስት መቶ አልሞላም። ተሸናፊው ሲላንዮ ጫካ አልገቡም፤ ተራቸውን ጠብቀው በሚቀጥለው ምርጫ አሸነፉ። በ2024ም ሥልጣን ላይ የነበሩት ቢሂ ተሸንፈው፣ ለአሸናፊው ለአብዲረህማን መሐመድ አብዱላሂ አስረክበው ወደ ቤታቸው ሄዱ። በኛ ቀጣና ፕሬዚዳንት ከቤተ መንግሥት በእግሩ ወጥቶ ቤቱ የሚገባበት አገር ስንት ነው? እዚህ ላይ ሽሙጤን ለአፍታ አስቀምጬ ባርኔጣዬን አነሳለሁ።

መልሼ ልድፋው። የሚገርመኝ ሰማንያ ድምፅ ከክምር ውስጥ ለቅሞ ያወጣ ቆጣሪ፣ ሰባት መቶ ሠላሳ ቀን ሲያመልጠው የማይታወቀው መሆኑ ነው። ለ2017ቱ ምርጫ የመራጩን የዓይን ብሌን እያነበበ የሚመዘግብ መሣሪያ አመጡ፤ አንድ ሰው ሁለት ጊዜ እንዳይመርጥ። ምን አሳሰባቸው? አንዱን ጊዜ ለመምረጥ ሰባት ዓመት የሚጠብቅ ሰው ሁለተኛውን በምን ዕድሜው ይደርስበታል?

የምርቃቱ ባለቤት ጉርቲ የሚባለው የሽማግሌዎች ምክር ቤት ነው። ሰማንያ ሁለት ሽማግሌዎች። ስማቸውን በክፉ ማንሳት ነውር ነው፤ በ1993 ቦረማ ላይ ጎሳ ከጎሳ አስታርቀው ሚሊሻውን ትጥቅ ያስፈቱ፣ አገሩን ያቆሙ የጎሳ ሽማግሌዎች ናቸው የዚህ ቤት ዋልታና ማገር። ሕገ መንግሥቱም ከባድ አደራ ሰጣቸው፦ በጸጥታ ምክንያት ምርጫ ማካሄድ ካልተቻለ የፕሬዚዳንቱን ዘመን ያራዝሙ። እነሆ ጥበብ! ዕውቅና ሲጠየቅ ከሐርጌሳ የበለጠ ሰላም ያለው ከተማ የለም። የምርጫው ቀን ሲቃረብ ያ ሁሉ ሰላም የት እንደሚሄድ እንጃ። አንዴ የመራጮች መዝገብ ይበላሻል፤ አንዴ ድርቅ ይገባል፤ አንዴ ገንዘብና ጊዜ ያጥራል። ድርቁ እንኳን እውነተኛ ድርቅ ነበር፤ አልክድም።

ጉርቲው ለራሱም አይሰስትም። በ1997 ለስድስት ዓመት ተሰየመ፤ ከዚያ ወዲህ አንድም ጊዜ ለምርጫ አልቀረበም። አባል ሲሞት ወንበሩ ለልጁ ወይም ለዘመዱ ያልፋል፤ የርስት ሕግ አዋቂ የነበሩ አያቶቻችን ቢያዩ በደስታ ያለቅሱ ነበር። በጥቅምት 2022 ለፕሬዚዳንቱ ሁለት ዓመት ሲመርቅ ለራሱ አምስት መረቀ። መራቂ ለራሱ ሲመርቅ እጁ አይታጠፍም። የታችኛው ምክር ቤትም የጓዳውን ጣዕም ያውቀዋል፤ በ2005 ለአምስት ዓመት ተመርጦ እስከ 2021 ተቀመጠ። የመጀመሪያውን ስብሰባ ዕለት የተወለደ ሕፃን ጺም አቀምቅሞ ነው ሁለተኛውን ምርጫ ያየው።

ምርቃቱ ያልጣማቸውም ነበሩ። በነሐሴ 2022 ምርጫው በቀኑ ይደረግ ብለው ሐርጌሳና ሌሎች ከተሞች አደባባይ ከወጡት መካከል ቢያንስ አምስት ሰዎች ተገደሉ። ሕጉ ዘመን የሚራዘመው ለጸጥታ ሲባል ነው ይላል፤ ጸጥታው የደፈረሰው ግን ምርጫው ይራዘማል በሚል ስጋት ነበር። ይህን ቋጠሮ የሚፈታ ሽማግሌ እስካሁን አልተገኘም።

እኛ ኢትዮጵያውያን በዚህ ጥበብ ገና ጀማሪዎች ነን። በ2012 ዓ.ም. በኮሮና ምክንያት፣ በሕገ መንግሥት ትርጉም፣ በፌዴሬሽን ምክር ቤት ውሳኔ ሞከርነው፤ ከዓመት ያልዘለለች ለጋ ምርቃት። እንኳን ሁለት ዓመት፣ በቅጡ አንድ ዓመት መመረቅ አልቻልንም። ዘመን አቆጣጠራችን ከዓለም ሰባት ዓመት የዘገየ ሆኖ ሳለ በመዘግየት መበለጣችን ያንገበግባል። ምናልባት ሰባት የምትለዋን ቁጥር ከኛ ወስደው ይሆናል።

አዲሱ ፕሬዚዳንት በታኅሣሥ 2024 ቃለ መሐላ ፈጸሙ። በሕጉ ዘመናቸው የሚያበቃው በ2029 መጨረሻ ነው። ምርጫውን በዓይኔ ማየት እፈልጋለሁና ከወዲሁ ሐርጌሳ ሆቴል አስይዣለሁ። የእንግዳ መቀበያው ልጅ ለየትኛው ዓመት እንደሆነ ሲጠይቀኝ 2031 አልኩት። ሳቀና ጻፈው።