ሲቲ ስካን ስንገዛ ዲቴክተሩን እንጠይቅ

ከጥቁር አንበሳ እስከ ፒያሳ ባሉ ሆስፒታሎችና የምርመራ ማዕከላት ስለ ሲቲ ስካን ሲነሳ ቀድሞ የሚጠራው የስላይስ ብዛት ነው፤ ባለ 64፣ ባለ 128 እየተባለ። ቁጥሩ ማሽኑ በአንድ ዙር ምን ያህል ምስል እንደሚያነሳ ያመለክታል፤ የምስሉን ጥራትና ታካሚው የሚወስደውን ጨረር በእጅጉ ስለሚወስነው ዲቴክተር (በሰውነት ውስጥ ያለፈውን ራጅ ተቀብሎ ስለሚለካው ክፍል) ግን የሚነግረን ነገር የለም።

በነባሮቹ ማሽኖች በሰውነት ውስጥ ያለፈው ራጅ መጀመሪያ ወደሚታይ ብርሃን፣ ብርሃኑም ወደ ኤሌክትሪክ ይለወጣል። የሚለካው የደረሰው ጉልበት ድምር ብቻ ነው። በድምሩ ውስጥ ከፍተኛ ጉልበት ያላቸው ፎቶኖች (የራጁ ቅንጣቶች) ይገንናሉ፤ ለስላሳ ሕብረ ሕዋሳትንና የደም ሥሮችን ለማጉላት የሚሰጠውን አዮዲን ለይተው የሚያሳዩት ዝቅተኛ ጉልበት ያላቸው ደግሞ ይዋጣሉ። እንደ ካድሚየም ቴሉራይድ ያለ ሴሚኮንዳክተር የተገጠመለት ዲቴክተር ግን እያንዳንዱን ፎቶን በቀጥታ ወደ ኤሌክትሪክ ምት ለውጦ ይቆጥራል፤ ከምቱ ከፍታም ጉልበቱን ያውቃል። ከተወሰነ መጠን በታች የሆነውን ምት ስለማይቆጥር የመሣሪያው የራሱ የኤሌክትሪክ ረብሻ ምስሉ ውስጥ አይገባም። ራጁን በሚቀበሉት የዲቴክተሩ ነጥቦች መካከል ብርሃን የሚከልሉ ግድግዳዎች ስለማያስፈልጉትም ነጥቦቹን አሳንሶ ምስሉን ማጥራት ይቻላል።

ለእኔ ትልቁ ቁም ነገር እዚህ ላይ ነው። የልብ ደም ሥር ላይ የተጋገረ ካልሲየም በነባሩ ምስል ከመጠኑ በላይ ገዝፎ ጥበቱን ሊያጋንን ይችላል፤ ፎቶን ቆጣሪው አዲሱ ዲቴክተር ይህን ይቀንሳል፣ ካልሲየሙን ከአዮዲኑ ለመለየትም ያግዛል። በተለይ ተደጋጋሚ ምርመራ ለሚያስፈልጋቸው ሕፃናትና የካንሰር ታካሚዎች የጨረሩን መጠን መቀነስ መቻሉ ቀላል ጉዳይ አይደለም።

ቴክኖሎጂው እንከን የለሽ አይደለም። ፎቶኖች ተደራርበው ሲደርሱ እንደ አንድ ሊቆጠሩ ይችላሉ፤ አንድ ፎቶን የፈጠረው የኤሌክትሪክ ሙልም በሁለት አጎራባች ነጥቦች መካከል ሊከፋፈል ይችላል። ይህ ዲቴክተር ያለው የሲመንስ ኩባንያ ማሽን በአሜሪካ ፈቃድ ያገኘው በ2021 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በመሆኑ ገና አዲስ ነው፤ ውድም ነው። ስለዚህ ዛሬውኑ እንግዛ አልልም። የምጠይቀው ከአሁን ጀምሮ በሚወጡ የግዢ ጨረታዎች የዲቴክተሩ ዓይነት፣ የጨረሩ መጠንና የጥገና ውሉ ከስላይስ ብዛት እኩል እንዲመዘኑ፣ ሰነዱም ሲዘጋጅ ራዲዮሎጂስቱና የሕክምና ፊዚክስ ባለሙያው ከግዢ ክፍሉ ጋር አብረው እንዲቀመጡ ነው።