ክርክር፦ ዋሽንግተን ስቴት ሕፃናትን እስከ 6 ዓመት በራሱ ገንዘብ ያሳክም?

ዋሽንግተን ስቴት ዝቅተኛ ገቢ ካላቸው ቤተሰቦች ወደ አፕል ሄልዝ (ሜዲኬይድ የተባለው የመንግሥት የጤና ኢንሹራንስ በዚህ ስቴት የሚጠራበት ስም ነው) የገቡ ሕፃናትን በፌደራል ፈቃድ ከ2023 ጀምሮ እስከ 6 ዓመታቸው ያለ እድሳት ይሸፍናል (ዓመቶቹ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው)። የፌደራል መንግሥት ግን በጁላይ 2025 እንዲህ ያለውን ፈቃድ ከእንግዲህ አላድስም ብሏል። ፈቃዱ በ2028 ሲያበቃ ስቴቱ ብቻውን ይክፈል? ሁለት የሲያትል ነዋሪዎች ተጻጽፈውበታል።

የክሊኒክ ሠራተኛዋ፦ ይክፈል! ምኑ ያከራክራል? አባት አንድ ወር ኦቨርታይም ከሠራ ገቢው ከፍ ይላል፣ በሚቀጥለው ወር ይወርዳል። የልጁ አስም ግን ያው አስም ነው። በኮቪድ ጊዜ ማንም ከሜዲኬይድ እንዳይወጣ ያደረገው ጥበቃ በ2023 ሲነሳ በመላ አገሪቱ ከ25 ሚሊዮን በላይ ሰው ወጣ። ከሦስቱ ሁለቱ ያህል የወጡት ብቁ አይደላችሁም ተብለው ሳይሆን በወረቀት ምክንያት ነው፤ ደብዳቤው አልደረሰም፣ ፎርሙ አልተመለሰም። ለሕፃን ደግሞ ገንዘብ አይቆጠርም።

ባለሱቁ፦ "ገንዘብ አይቆጠርም" ትላለች እህታችን። አንቺ አትቆጥሪ ይሆናል፣ እኔ እቆጥራለሁ። ባተርፍም ብከስርም ከጠቅላላ ሽያጬ ላይ ግብር የሚወስደው ይሄው ስቴት ነው። ለሜዲኬይድ ግማሽ ያህሉን ፌደራሉ ይከፍል ነበር፣ እሱ ከቀረ ሸክሙ በሙሉ እኛ ላይ ነው። ከ2024 ወዲህ እኮ በመላው አሜሪካ ከ19 ዓመት በታች ያለ ልጅ አንዴ ከገባ 12 ወር አይነካም፣ የወላጁ ገቢ ቢጨምርም! ይሄ አይበቃም? በዓመት አንድ ፎርም መሙላት ያቃተው ወላጅ ልጅ ማሳደጉንስ እንዴት ይችለዋል? ያ 25 ሚሊዮን የምትይውም አብዛኛው አዋቂ ነው።

የክሊኒክ ሠራተኛዋ፦ ጋሼ፣ "ልጅ ማሳደጉንስ" ያሉት እርስዎ ነዎት? ሌሊቱን ኤርፖርት ስታጸዳ አድራ ጠዋት ልጅ ትምህርት ቤት የምታደርስ እናት ናት ልጅ ማሳደግ ያቃታት? ደብዳቤው የሚሄደው አምና ለቃ ወደወጣችው አፓርትመንት ነው። የእርስዎን የግብር ወረቀት ማን ይሞላል፣ አካውንታንትዎ አይደል? በእውነት ማሳደግ የሚያቅተው ወላጅ ሲኖር ልጁን ስቴቱ ይወስዳል፣ ያኔ ወላጁ ስቴቱ ነው። ለዚህም ነው 18 ዓመት ሲሞላቸው ፎስተር ኬር ውስጥ (በስቴቱ አሳዳጊነት ሥር) ሆነው ሜዲኬይድ የነበራቸው ልጆች ከ2014 ጀምሮ እስከ 26 ዓመታቸው የሚሸፈኑት።

ባለሱቁ፦ ከ6 ተነስተን 26 ገባን! ደግሞ ገቢያቸው አይጠየቅም። ጥሩ ደመወዝ ያለው ጎረምሳ በእኔ ግብር ይታከማል ማለት ነው። እኔ በ26 ዓመቴ እናቴን እጦር ነበር።

የክሊኒክ ሠራተኛዋ፦ የእርስዎ ልጅም እኮ እስከ 26 ዓመቱ በእርስዎ ኢንሹራንስ መቆየት ይችላል። ደመወዙን ማን ጠየቀው? ሁለቱንም የፈቀደው አንድ ሕግ ነው። እነዚህ ግን የሚያስጠጋቸው የአባት ኢንሹራንስ የላቸውም። ያ ሜዲኬይድን የቆራረጠው የ2025ቱ የኮንግረስ ሕግ እንኳ በአዋቂዎች ላይ የሥራ ግዴታ ሲጥል፣ ከፎስተር ኬር ወጥተው 26 ያልሞላቸውን አልነካም። ከነዚያ ሰዎች ብሰው ሊገኙ ነው?

ባለሱቁ፦ የልጄን ኢንሹራንስ በየወሩ የምከፍለው እኔ ነኝ፣ ይህን አትርሺ። ይቅርታ፣ አይርሱ። ከእንግዲህ እኔም "እርስዎ" እላለሁ፣ ጨካኝ ተብዬ "አንቺ" ማለቱ አያምርብኝም። ጥያቄው የ6 ዓመቱ ነበር። እስካሁን ስንት ዶላር እንደሚያስወጣ አንድ ቁጥር አላመጡም።

የክሊኒክ ሠራተኛዋ፦ እርስዎስ አመጡ? እድሳቱም እኮ በነፃ አይደለም። ደብዳቤ የሚልከው፣ ስልክ የሚያነሳው፣ በወረቀት የወጣውን ልጅ ከሁለት ወር በኋላ መልሶ የሚያስገባው ሠራተኛ በእርስዎው ግብር ነው የሚከፈለው። በዚያ መሐል ክትባቱ ያልፈዋል፣ አስሙ ሲነሳበት እናቱ ድንገተኛ ክፍል ይዛው ትሮጣለች፣ ከዚያ ቢሉ ይመጣል። እስቲ ያንንም ይቁጠሩ! "ልጅ ማሳደጉንስ" ያሉትን ግን አሁንም አላነሱትም።

ባለሱቁ፦ አላነሳም! ስለ ሁሉም እናት አላልኩም፣ የጻፍኩት ይነበብ። እሁድ ከቅዳሴ በኋላ ሱቄ ውስጥ ለስንቷ እናት ፎርም እንደሞላሁ ሰፈሩ ያውቃል።

የክሊኒክ ሠራተኛዋ፦ እንግዲያው ፎርሙ እንደሚያስቸግር ያውቃሉ ማለት ነው። ኬንት ያለችው፣ ስፖኬን ያለችው፣ የእርስዎን ሱቅ የማታውቀውስ?

ባለሱቁ፦ ኬንት ያለችው ትምጣ፣ ሱቁ እስከ ማታ ክፍት ነው። የስፖኬኗ ትደውል። ግብሩን ግን አልስማማም።