የጎረቤት ዋንጫ ይመለስልን

«ያው ሴካፋ ነው እንግዲህ።» ብሔራዊ ቡድናችን ሴካፋ ላይ፣ ማለትም በምሥራቅና መካከለኛው አፍሪካ አገሮች የእግር ኳስ ውድድር ላይ፣ ሲያሸንፍ እንኳ ከብዙ ሰው አፍ የሚወጣው ይኸው ነው። ይህ ንቀት ለእኔ አይገባኝም።

ውድድሩ ዕድሜ ጠገብ ነው። እ.ኤ.አ. በ1926 (እዚህ ያሉት ዓመቶች ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) ሲጀመር ተጋጣሚዎቹ ኬንያና ኡጋንዳ ብቻ ነበሩ። ጎሴጅ የሚባል የእንግሊዝ ሳሙና አምራች ዋንጫውን ስለሰጠ በስሙ ይጠራ ነበር። ዛሬ አንድ ላይ ታንዛኒያ የሆኑት ታንጋኒካና ዛንዚባር ቆይተው ገቡ። ከ1973 ወዲህ የሴካፋ ዋንጫ ተባለ፤ ሌሎች ጎረቤቶችም ተሰበሰቡበት። ኡጋንዳ 15 ጊዜ በልታዋለች። እኛ አራት ጊዜ፦ በ1987 አዲስ አበባ ላይ ዚምባብዌን በመለያ ምት፣ ከዚያ በ2001፣ በ2004 እና በ2005። የመጨረሻውን ያነሳነው ኪጋሊ ላይ ሩዋንዳን በገዛ ደጋፊዋ ፊት 1 ለ 0 ረትተን ነው። ይሄ ይናቃል?

የዋንጫውን ጥቅም በደንብ የምታሳየው ግን ዛንዚባር ናት። የፊፋ አባል አይደለችም። የዓለም ዋንጫ ማጣሪያ ለእሷ የለም። በመጋቢት 2017 የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን (ካፍ) አባል አደረጋት፤ በሐምሌ «ስህተት ነበር» ብሎ አስወጣት። በዚያው ዓመት ታኅሣሥ ኬንያ በተዘጋጀው ሴካፋ ኡጋንዳን ጥላ ፍጻሜ ደረሰች። ከባለሜዳዋ ኬንያ ጋር ሁለቴ ከኋላ ተነስታ 2 ለ 2 ወጣች፤ የተሸነፈችው በመለያ ምት ነው። በ1995 ዋንጫውን ወስዳዋለች። እነዚህ ልጆች በአገራቸው ማልያ የት ይጫወቱ?

ከ2019 በኋላ ግን የዋናው ቡድን ውድድር ለዓመታት ጠፋ። በ2021 ባሕር ዳር ላይ የተካሄደው ከ23 ዓመት በታች ነበር። ከዚያ በፊትም በ2014፣ በ2016 እና በ2018 አልተደረገም። ስፖንሰር አይገኝም። ጨዋታው በፊፋ የቀን ሰሌዳ ውስጥ ስለሌለ ክለቦች ተጫዋች አንለቅም ይላሉ። አዘጋጅ አገርም ቀኑ ሲቀርብ ይሸሻል። የ2014ቱን እናዘጋጃለን ብለን የተውነው ራሳችን ነን፤ ሱዳንም እምቢ አለች፣ ቀረ።

በየዓመቱ መደረጉ ይቅር። በየሁለት ዓመቱ፣ ቀኑ ቀድሞ ተቆርጦ፣ አዘጋጁ በተራ ቢሆን ይበቃል። የመጀመሪያውን ተራ ደግሞ እኛ እንውሰድ። የ2014 ዕዳ አለብን።