በአንድ ሰው እግር የቆመ ቡድን

ኖቬምበር 2 ቀን 2025፣ እሑድ ማታ፣ ላንዶቨር ሜሪላንድ። ሲያትል 38፣ ዋሽንግተን 7። አራተኛው ሩብ እየተጋመሰ ነው፣ ጨዋታው ግን ካለቀ ቆይቷል። የዋሽንግተኑ የአሜሪካ ፉትቦል ቡድን የኮማንደርስ ኳርተርባክ (ማጥቃቱን የሚመራውና ኳሷን የሚወረውረው ተጫዋች) ጄይደን ዳንኤልስ አሁንም ሜዳ ላይ ነው። ጎል መስመሩ አጠገብ ተይዞ ሲወድቅ በግራ እጁ መሬቱን ሊደገፍ ሞከረና ክርኑ ወለቀ። ዋና አሰልጣኙ ዳን ክዊን ልጁን እስከዚያ ሰዓት ማቆየታቸው የራሳቸው ጥፋት እንደሆነ አምነዋል። ማመናቸው ያስመሰግናቸዋል። እኔ ግን ጥፋቱ ከዚያች ምሽት ብዙ ቀድሞ፣ የጨዋታው ዕቅድ ወረቀት ላይ ሲሰፍር የተጀመረ ይመስለኛል።

በ2024 ኮማንደርስ 12 አሸንፎ 5 ተሸንፎ እስከ ኮንፈረንሱ ፍጻሜ፣ ማለትም ከሊጉ ዋንጫ ጨዋታ ከሱፐር ቦውል አንድ እርምጃ እስኪቀረው ደርሶ ነበር። በ2025 ደግሞ 5 አሸንፎ 12 ተሸነፈ፤ ውጤቱን እንደ ካልሲ ገልብጠው የለበሱት ነው የሚመስለው። በመሃሉ ስምንት ጨዋታ በተከታታይ ተሸንፈዋል። የውድድር ዘመኑ እንዳለቀ የማጥቃቱ አሰልጣኝ ክሊፍ ኪንግስበሪም የመከላከሉ አሰልጣኝ ጆ ዊትም ተሰናበቱ።

እዚሁ ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ቡና ቤት ውስጥ ይህን ካነሳችሁ መልሱ አንድ ነው፦ «ጉዳት ነው ያጠፋን»። (ከፕሪሚየር ሊጉ ስክሪን ፊቱን ያዞረ ሰው ካገኛችሁ ነው እንግዲህ። አብዛኛው አበሻ ኳስ በእጅ ይዞ የሚሮጠውን ሁሉ አሁንም ፉትቦል ብሎ ለመጥራት ልቡ አልፈቀደም።) ጉዳቱ እውነት ነው። ዳንኤልስ በጉልበት፣ በጭን ጡንቻና በክርን ጉዳት ሳቢያ ከ17 ጨዋታ የተሰለፈው በ7ቱ ብቻ ነው። ምርጥ ተቀባዩ ቴሪ መክሎሪንም ብዙ ጨዋታ አምልጦታል። ታዲያ ያ ዕቅድ አንድ ሰው ሲወጣ አብሮ የሚወድቀው ለምንድን ነው?

የኪንግስበሪ ማጥቃት መሠረቱ ሾትጋን ነው። ኳርተርባኩ ከሴንተሩ (መስመሩ መሃል ሆኖ ኳሷን ወደ ኋላ ከሚያቀብለው ተጫዋች) አምስት ያርድ ያህል ርቆ ይቆምና ኳሷ በአየር ትመጣለታለች። ተቀባዮቹ ሜዳውን ሞልተው ይዘረጋሉ፣ ቡድኑም በአንዱና በሚቀጥለው ሙከራ መሃል ተሰብስቦ ሳይመካከር ቶሎ ቶሎ ይቀጥላል። ጥቅም አለው፤ ኳርተርባኩ ተከላካዮቹን ፊት ለፊት ያያቸዋል። ዋጋው ግን ማታለያው መሳሳቱ ነው። ኳርተርባኩ ከሴንተሩ ጀርባ ተጠግቶ ኳሷን እጅ በእጅ ሲቀበልና ጀርባውን ለተከላካዮች ሲሰጥ፣ ለሯጩ አቀበለው ወይስ ያዛት የሚለውን ለማወቅ ለአፍታ ይቸገራሉ። መሃል ያሉት ሩጫውን ለማፈን ሁለት እርምጃ ወደ ፊት ይወጣሉ፣ ከኋላቸውም ሜዳው ይከፈታል። ፕሌይ አክሽን የሚሉት ይህ ነው። ከሾትጋን ሲሞከር ግን ኳሷ ይበልጥ ትታያለች፣ ሁለቱን እርምጃ የሚወጣላችሁ ተከላካይም ያንሳል።

በ2024 ይህ ጉድለት ያልታየው ዳንኤልስ በእግሩ ይጥፈው ስለነበር ነው። በዚያ ዓመት በሩጫ ብቻ 891 ያርድ ሄዷል፤ ከእሱ በፊት በመጀመሪያ ዓመቱ ይህን ያህል የሮጠ ኳርተርባክ በሊጉ የለም። መክሎሪን አብዛኛውን ጊዜ በግራ በኩል ይቆም እንደነበር ተመልካቹ ሳይቀር ያውቀዋል፤ ቦታውን ለውጦ ተከላካይ ማደናገር እምብዛም አልታየም። ያም ሆኖ ሠራ። ግን ተጋጣሚዎች ክረምቱን በሙሉ ቪዲዮ ሲያዩ ከርመው መጡ። ኪንግስበሪ የአሪዞና ዋና አሰልጣኝ ሳሉም በ2021 12 ጨዋታ ተጫውተው 10 ካሸነፉ በኋላ ከቀሩት 5 አራቱን ተሸንፈው በመጀመሪያው ጥሎ ማለፍ ተሰናብተዋል።

የሚያበሳጨኝ ግን ሌላ ነው። ይህች ከተማ ይህን ፊልም አይታዋለች። በ2012 ሮበርት ግሪፊን ጀማሪ ሆኖ መጣ፣ ማይክ ሻናሃንና ልጃቸው ካይል በእግሩ ዙሪያ ማጥቃት ሠሩለት፣ የዓመቱ ምርጥ ጀማሪ ተባለ። ዳንኤልስም ተብሏል። ጃንዋሪ 6 ቀን 2013 የግሪፊን ጉልበት ተበጠሰ፤ ያው ላንዶቨር፣ ያው ሲያትል። ከዚያ በኋላ እንደ መጀመሪያው ዓመት ሆኖ አልታየም። በ2023 ደግሞ ሳም ሃውል የሚባል ወጣት አመጡና 612 ጊዜ አስወረወሩት፣ ከሊጉ ሁሉ የበለጠ። 65 ጊዜ ኳሷን እንደያዘ ተደፍቷል፤ ይህም ከሊጉ ሁሉ የበለጠ ነው። ቡድኑ 4 ጨዋታ ብቻ አሸነፈ። ዕቅዶቹ ይለያያሉ፣ ሸክሙ ግን ሦስቴም ያረፈው በአንድ ወጣት አካል ላይ ነው።

ሰማንያዎቹ ውስጥ እዚህ ታክሲ ይነዱ የነበሩ አንድ ጋሼ አሉ፤ የዚያን ጊዜውን ቡድን ሲያነሱ ስለ ኳርተርባክ ሳይሆን ስለ «ወፍራሞቹ» ነው የሚያወሩት። ልክ ናቸው። የዚያን ጊዜው የዋሽንግተን አሰልጣኝ ጆ ጊብስ ሱፐር ቦውልን ሦስት ጊዜ ያሸነፉት በሦስት የተለያዩ ኳርተርባኮች ነው፦ ጆ ታይዝማን፣ ዳግ ዊሊያምስና ማርክ ሪፒን። ከእሳቸው በቀር ይህን ያደረገ አሰልጣኝ የለም። ሳይለወጥ የኖረው «አሳማዎቹ» ይባሉ የነበሩት ግዙፍ የመስመር ተጫዋቾች የሚከፍቱት የሩጫ መንገድ ነበር። በጃንዋሪ 1983ቱ ሱፐር ቦውል ማያሚ 17 ለ13 እየመራ፣ አራተኛውና የመጨረሻው ሙከራ ላይ ማጥቃቱን ለመቀጠል አንድ ያርድ ሲቀራቸው ኳሷን ለሯጩ ለጆን ሪጊንስ ሰጡት፤ 43 ያርድ ሮጦ ገባ። ከአምስት ዓመት በኋላ ዴንቨርን 42 ለ10 ሲያሸንፉ ዊሊያምስ አራት ተችዳውን (ጎል መስመሩን አልፎ የሚቆጠር ነጥብ) ወረወረ፤ በዚያው ቀን ግን ቲሚ ስሚዝ የሚባል ጀማሪ በሩጫ 204 ያርድ ሄዷል። ተከላካዩ ሩጫውን ስለሚፈራ ውርወራው ቀለለ።

ወደ 1983 እንመለስ አላልኩም። ዛሬም የሚያደርገው አለ፣ ሩቅም አይደለም። ቺካጎ በ2024 ጀማሪ ኳርተርባኩን ኬሌብ ዊሊያምስን 68 ጊዜ አስደፍቶ 5 ጨዋታ ነበር ያሸነፈው። ቤን ጆንሰን ዋና አሰልጣኝ ሆነው መጡ፤ ልጁን ከሴንተሩ ጀርባ ደጋግመው አቆሙት፣ መሃል መስመሩን በአዳዲስ ተጫዋቾች አጠናከሩ፣ ውርወራውን ከሩጫው ጋር አያያዙ። በ2025 ቺካጎ 11 አሸነፈ፣ የዊሊያምስ መደፋትም ከግማሽ በታች ወረደ። ኮማንደርስ ለዚህ የሚሆን ዕቃ አለው። ግራ ጠርዙን የሚጠብቀው ላሬሚ ተንሲል ነው፤ በሩጫም ቢሆን በዚያ ሁሉ ሽንፈት መሃል ደካማ አልነበሩም። ያጡት ሩጫውን ለውርወራ ማጥመጃ ማድረግን ነው።

ስለ መከላከሉ ረጅም አልጽፍም፣ የሚታየው ግልጽ ነው። በአራት ተከታታይ ጨዋታ በ21 ነጥብና ከዚያ በላይ ልዩነት ተሸንፈዋል፤ የገባባቸው ሲደመር 154 ነጥብ ነው። ክዊን ኖቬምበር ላይ መከላከሉን የማዘዝ ሥራ ከዊት ተቀብለው ራሳቸው ሲያዙ መጠነኛ መሻሻል ታየ። ግን ያኔ 35 ዓመት የሞላውን ቦቢ ዋግነርን ያክል ታላቅ ተከላካይ ከፈጣን ሯጮች ጋር ሜዳ ለሜዳ አሯሩጦ ተአምር መጠበቅ ግፍ ነው። እዚያ ከዕቅዱ በፊት የሚያስፈልገው ወጣት እግር ነው።

ክዊን ይባረሩ ከሚሉት ጋር አልስማማም፤ ከዓመት በፊት 12 ያሸነፉት እሳቸው ናቸው። የምጠይቃቸው ለዳንኤልስ ሩጫ ገደብ እንዲያበጁለት ነው። የተጠራው ዕቅድ ሲበላሽበት ይሩጥ፣ ያ ተሰጥኦው ነው። ታቅዶ የሚጠራለት ሩጫ ግን በጣት የሚቆጠር ይሁን። 30 ነጥብ ተመርተው አራተኛው ሩብ ሲገባ ደግሞ ተተኪው ይግባ።

ሴፕቴምበር ላይ ውጤት ሰሌዳውን ከማየቴ በፊት የመጀመሪያውን ጨዋታ የመጀመሪያ አሥር ሙከራዎች እቆጥራለሁ፦ ዳንኤልስ ስንት ጊዜ ሴንተሩ ጀርባ ቆመ፣ ስንት ጊዜ አምስት ያርድ ርቆ። አሥሩም ሾትጋን ከሆኑ ጋሼን አንድ ቡና ጋብዣቸው ስለ ወፍራሞቹ ያውሩኝ እላቸዋለሁ።