አምባሰል የሁላችን ነው፤ ዘፈኑ ግን ባለቤት አለው

ፍራንክፈርት የሐበሻ ምግብ ቤት ያለው ወዳጄ ከኪራይና ከመብራት ሌላ ለሙዚቃም ይከፍላል። የሚከፍለው ጌማ ለሚባለው የጀርመን የዜማና የግጥም ደራሲዎች ማኅበር ነው። ለበዓል ባንድ ሲያመጣ ደግሞ አስቀድሞ ያሳውቃል። ሳያሳውቅ ከተገኘ እጥፍ ሊጠየቅ ይችላል። ድግሱ ሲያልቅ የተዘፈኑት ዘፈኖች ከነደራሲያቸው ተጽፈው ይላካሉ።

ደሴ ፒያሳ አካባቢ ያመሸሁበት ሆቴል አንድ ኪቦርድና አንድ ማሲንቆ ነበሩ። ዘፋኙ ድምፁ ልብ ያሸፍታል። ቤቱ ጢም ብሏል። የዘፈናቸው አብዛኞቹ የካሴት ዘመን ሥራዎች ናቸው። ዘፋኙ ደሞዙንና ሽልማቱን ያገኛል፤ ቤቱ ከቢራው ያተርፋል። ግጥሙን የጻፈው ሰው ግን ሰባራ ሳንቲም አይደርሰውም።

የሆቴሉን ባለቤት ጠየቅኩት። «ወንድሜ፣ ዘፋኙን ከፍዬዋለሁ፤ ቀን የምንከፍተውን ሙዚቃም ገዝተን ነው። ደግሞ የምን ክፍያ?» አለኝ። ብዙ ሰው የሚያስበው እንዲሁ ነው። የገዛው ግን ቅጂውን ነው። ለገበያተኛ የማሰማት መብት አብሮ አይሸጥም።

ሕጉ እኛም ጋ አለ። አዋጅ ቁጥር 410/1996 ይህን መብት ለደራሲው ሰጥቶታል፤ በሕይወት ዘመኑና ከሞተ በኋላ ለ50 ዓመት። ጀርመን 70 ነው። አዋጅ ቁጥር 872/2007 ደግሞ ሮያሊቲ፣ ማለትም ሥራው ሲሰማ ለደራሲው የሚከፈለው ድርሻ፣ በማኅበር እንዲሰበሰብ በር ከፈተ። ያመሸሁበት ሆቴል ግን ይህ አሠራር ገና አልደረሰም።

«አምባሰልንም ሊያስከፍሉን ነው?» የሚሉ አሉ። አብሽሩ! ባቲም አምባሰልም ስማቸው የወሎ ይሁን እንጂ ቅኝት የማንም የግል ንብረት አይደለም። ከአያት የወረደ የሠርግ ዘፈንም እንዲሁ። ቤተሰብና ወዳጅ ዘመድ ተሰብስቦ ቢዘፍን ሕጉ አይነካውም። በአምባሰል ቅኝት አዲስ ግጥምና ዜማ ያወጣ ሰው ግን ያ ሥራ የራሱ ነው። አዲስ መንዙማ የደረሰም ያው። ይህን መለየት ካቃተን ወሎ ዘፈን ስታዋጣ ትኖራለች፤ ደራሲዎቿ ግን በእርጅናቸው መዋጮ ይለመንላቸዋል። ይሄ ያንገበግበኛል።

ጀበና ቡና የምትሸጥ እህት በሬዲዮዋ ሰበብ ሰብሳቢ ይምጣባት አልልም። በደሴና በኮምቦልቻ ትልልቅ ሆቴሎች ይጀመር። የሙዚቃ ባንዱ ማታ ማታ የዘፈነውን ከነደራሲው ጽፎ ይስጥ። ይከብዳል እንዳትሉኝ። ያን ምሽት ኪቦርድ ተጫዋቹን የማን የማን ሥራ እንደሆነ ብጠይቀው ግጥሙን ለብቻ፣ ዜማውን ለብቻ እየለየ አንድ በአንድ ነገረኝ።