ቁልፉ ሌላ ሰው እጅ ያለ መጽሐፍ

ብሔራዊ ቴአትር አካባቢ ያገለገለ መጽሐፍ አንስቼ ስገልጥ መጀመሪያ የማየው የቀድሞ ባለቤቱን ስም ነው። አንዳንዱ ላይ ሦስት ሰው ፈርሞበታል። እኔም አንብቤ ለጓደኛዬ አውሰዋለሁ። ማንንም አላስፈቅድም።

በስልክና በታብሌት የምናነበው መጽሐፍ እንዲህ አይደለም። አብዛኛው ዲአርኤም የሚባል ቁልፍ አለበት። የሚከፈተው በተገዛበት አካውንት፣ ሻጩ በፈቀደው አፕ ብቻ ነው። «ግዛ» የሚለውን ስንጫን የምንከፍለው ለማንበቢያ ፈቃድ ነው እንጂ መጽሐፉ የእኛ አይሆንም።

ይህ በእኔም ደርሷል። ከዚህ ሆኖ ውጭ አገር ላለ ሱቅ መክፈል ስለሚያስቸግር፣ ውጭ የምትኖር እህቴ በራሷ ካርድና አካውንት ትገዛልኝ ነበር። ብዙዎቻችን የምናደርገው ይህንኑ ነው። አንድ ቀን አካውንቱ ተዘጋ። እህቴ ብትጽፍላቸው የመጣው መልስ «የአጠቃቀም ውሉ ተጥሷል» የሚል ብቻ ነው። የሁለት ዓመት መጽሐፎቼ በዚያው ቀሩ። ከገንዘቡ ይልቅ ያንገበገበኝ በየገጹ የጻፍኩት ማስታወሻ ነው።

ሱቁ ራሱ ሲዘጋም ያው ነው። ማይክሮሶፍት እ.ኤ.አ. በ2019 የመጽሐፍ ሱቁን ሲዘጋ የተሸጡት መጻሕፍት ሁሉ መከፈት አቆሙ። እርግጥ ገንዘቡን መልሷል። ከዚያ በፊት በ2009 አማዞን የጆርጅ ኦርዌልን «1984» ኪንድል ከሚባለው የገዢዎች ማንበቢያ መሣሪያ ላይ ከርቀት ሰርዞ ነበር። ምክንያቱ የሸጠው አካል መብቱ አልነበረውም የሚል ነው። ይሁን፤ ግን ያገለገለ መጽሐፍ የሸጠልኝ ሰው ማታ ቤቴ ገብቶ ከመደርደሪያዬ ቢያነሳው ዝም እላለሁ? በየካቲት 2025 ደግሞ አማዞን የገዛነውን ኮምፒውተር ላይ አውርደን በዩኤስቢ ወደ ኪንድል የምንገለብጥበትን መንገድ ዘጋው።

የደራሲዎቻችን ስጋት ይገባኛል። መጽሐፋቸው በወጣ በሳምንቱ በቴሌግራም በነጻ ሲበተን ማየት ያማል፤ ሌብነትም ነው። ግን እኔ ያየኋቸው ፒዲኤፎች አብዛኞቹ ከወረቀቱ ስካን የተደረጉ ናቸው፤ የጣት ጥላ ሁሉ ይታይባቸዋል። ዲአርኤም እነዚህን አያስቆምም። የሚያስቸግረው ከፍሎ የገዛውን ሰው ነው። ቶር የተባለው የአሜሪካ አሳታሚ እ.ኤ.አ. በ2012 ቁልፉን ከመጽሐፎቹ ላይ አንስቶ እስካሁን እየሸጠ ነው።

ካሊፎርኒያ ከጥር 2025 ጀምሮ ሻጮች የሚሸጡት ፈቃድ ከሆነ ለገዢው በግልጽ እንዲናገሩ በሕግ አስገድዳለች። እዚህ አዲስ አበባ የመጽሐፍ አፕ የምትሠሩ ልጆች ሕግ እስኪወጣ አትጠብቁ። ሱቃችሁ ነገ ቢዘጋ መጽሐፎቼ ምን እንደሚሆኑ፣ ስልክ ብቀይር፣ ለእናቴ ላውሳት ብል ይቻል እንደሆነ፣ በቴሌብር ከመክፈሌ በፊት በአማርኛ ጻፉልኝ።